ጣና እስክንሄድ ድረስ፦ ኡፌናው ደሴት

ልጆች፣ ስለ ጣና ሐይቅ ስንማር «መቼ ነው የምንሄደው?» ብላችሁ ነበር። ወላጆቻችሁም «ሰላም ሲሆን» አሏችሁ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጉዞውን ያስተላለፈ ቤተሰብ በመካከላችን አለ።

እስከዚያው እዚሁ በዙሪክ ሐይቅ ላይ ያለችውን ኡፌናውን እንይ። ደሴቷ የአይንዚድልን ገዳም ናት፤ ንጉሠ ነገሥት ኦቶ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ965 ለገዳሙ ሰጧት። ስፋቷ 11 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ከሮማውያን ዘመን ቤተ መቅደስ መሠረት ላይ ነው የቆመው።

አጠገቡ የኡልሪሽ ፎን ሁተን መቃብር አለ። ይህ ጀርመናዊ ጸሐፊ ከአገሩ ሸሽቶ፣ ታሞ፣ ገንዘብም አልቆበት መጣ። የዙሪኩ ሰባኪ ዝዊንግሊ እዚች ደሴት ላይ መጠጊያ አገኘለት፤ ብዙም ሳይቆይ በ1523 ሞተ። መቃብሩ ጋ ስትደርሱ ወላጆቻችሁን ስለ ስደት ጠይቋቸው። አንዳንዶቻችሁ ረጅም ታሪክ ትሰማላችሁ።

አሁን ወደ እቅዳችን። የጄኔቫ ልጆች በጧት መነሣት አለባችሁ፤ እስከ ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከዚያ ወደ ራፐርስቪል በባቡር፣ ከራፐርስቪል በመርከብ። ጁኒየር ካርድ ያላችሁ ከወላጅ ጋር በነፃ ስለምትሄዱ ካርዱን እንዳትረሱ! መርከቡ በብርዱ ወራት ወደ ደሴቷ አይሄድም። የመመለሻውን የመጨረሻ ሰዓት ሳታዩ አትሳፈሩ። ደሴቷ ጥብቅ ቦታ ስለሆነች ከመንገዱ አትውጡ፤ ሸምበቆው ውስጥ ወፎች ይፈለፍላሉ።

ጣና ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ ማን ይገባል? የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ባለፈው አንዷ ተማሪ «ታዲያ እኔ ጀልባ ላይ ልቀር ነው?» ብላ አኩርፋ ነበር። እውነቷን ነው፣ ያስከፋል። ስለዚህ ቤተሰብ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን አስቀድሙ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፤ ወንዱም ሴቱም ይገባል።

የቤት ሥራ፦ አገር ቤት ላሉት አያታችሁ ደውሉ። «እማማ፣ በታንኳ ተሻግረው ያውቃሉ? የት?» በሉ። ደንገል ምን እንደሆነም ይጠይቁላችሁ ዘንድ ስልኩን ለእናታችሁ አትስጡ፤ ራሳችሁ ጠይቁ። መልሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ በአምስት መስመር ጽፋችሁ አምጡ።