የኪሮሽ ብርድ ልብስ ሒሳብ፦ ትርፉም ኪሳራውም መጋጠሚያው ላይ ነው

ከወልዲያ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል። ከመገንጠያው እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋሸና ተሳፋሪ መኪና የሚቀይርባት፣ ሹፌር ሻይ የሚጠጣባት ከተማ ናትና እዚያ የተቀመጠ ሰው ብዙ ይጠብቃል። ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋም እየጠበቀ ይበርደዋል። የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን መነሻ እነዚህ ሁለቱ፣ መጠበቅና ብርድ ናቸው።

በመገንጠያው አጠገብ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት መኪና እስኪመጣ ድረስ እጃቸው ከኪሮሽ አይለይም። እትዬ እያልኩ አጠገባቸው ተቀምጬ ስጫወት፣ ከአግዳሚው ሥር ካለ ማዳበሪያ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ብርድ ልብሶች አውጥተው አሳዩኝ። ቀለማቸው ያምራል። መሬት ላይ ሲዘረጉ ግን አንደኛው መሐሉ እንደ ድንኳን ተነፍቶ ይነሳል፤ ሁለተኛው አንድ ጎኑ ከሌላው ይረዝማል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ ላሊበላ ላለ ማደሪያ የሚሆን ብርድ ልብስ ፈልጎ ክሩን በኪሎ እየመዘነ ለአምስት ሴቶች አከፋፈለ፤ ክፍያው በካሬ ቁጥር እንዲሆንም ተስማሙ። ካሬዎቹ በቀጠሮው ቀን ደረሱ። ሲጋጠሙ ግን የአንዷ ካሬ ከሌላዋ ጋር አልመጣጠን አለ። ነጋዴው አልረከብም ብሎ ሄደ። ለካሬዎቹ ተከፍሏል፤ ለማጋጠሙ ግን ቀድሞም የተነገረ ዋጋ ስላልነበረ እትዬ ያመሹበት ሌሊት ሁሉ ከማዳበሪያው ጋር ቀረ። ነጋዴውም ክሩን ከስሯል። በእኔ እምነት ጥፋቱ የሴቶቹ እጅ ሳይሆን የውሉ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን ለማየት በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቅ። በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴልና የአልጋ ልብስ ያልገባበት የከተማ ቤት ጥቂት ነው። ይኸኛው የሚለየው ባለአራት ማዕዘን ከሆኑ ትንንሽ ቁራጮች፣ ማለትም ከካሬዎች በመገጣጠሙ ነው። ፈረንጆች በሴት አያቶች ስም ይጠሩታል፤ ከተራረፈ ክር የሚሠራ የቁጠባ ሥራ ስለነበረ ነው። አሠራሩ በአሜሪካ «ፕሬይሪ ፋርመር» በተባለ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ እ.ኤ.አ. በ1885 ታትሞ ይገኛል። የእኛ ሴቶች እንግዳ አይሆንባቸውም፤ እንደ ሰፌድ ከመሐል ተጀምሮ በዙር እየሰፋ ይሄዳልና።

ካሬው ከትንሽ የክር ቀለበት ይጀምራል። በቀለበቱ ውስጥ ክሩ ኪሮሹ ላይ እየተጠመጠመ ቁመት ያላቸው ጥልፎች ይወጣሉ፤ ሦስት ሦስቱ እንደ ነዶ አንድ ላይ ይቆማሉ። ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ነዶ እንበላቸው። የመጀመሪያው ዙር 4 ነዶ አለው፤ በየመሐላቸው የሚተወው ክፍተት ማዕዘን ይሆናል። በሚቀጥሉት ዙሮች በእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ሁለት ነዶ ስለሚገባ፣ ሁለተኛው ዙር 8፣ ሦስተኛው 12፣ እያለ ስድስተኛው 24 ይደርሳል። ባለስድስት ዙር ካሬ በጠቅላላው 84 ነዶ ነው ማለት ነው።

ነጋዴ እዚህ ላይ ቆም ይበል። ካሬውን ትንሽ ሰፋ አድርጉልኝ ብለው አንድ ዙር ቢያስጨምሩ የካሬው ጎን የሚረዝመው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። ሰባተኛው ዙር ግን 28 ነዶ ይጠይቃል፤ ይህም የ84 ሲሶ ነው። ክሩም ጊዜውም በሲሶ ይጨምራል። በቃል የተጨመረች አንዲት ዙር የስንቱን ውል አፍርሳለች!

አሁን ወደ ሙሉው ብርድ ልብስ እንለፍ። የካሬው ጎን 15 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በወርድ 10፣ በቁመት 13 ቢደረደሩ 130 ካሬ ይሆናሉ፤ ስፋቱ 150 በ195 ሳንቲ ሜትር ነው። ካሬ ከካሬ የሚነካካበት ቦታ ቢቆጠር 237 መጋጠሚያ ይገኛል። ርዝመቱ ሲደመር ከ35 ሜትር ይበልጣል። ካሬው በሦስት ቀለም ከተሠራ ደግሞ እያንዳንዱ ቀለም ሲጀመርና ሲያልቅ የክር ጫፍ ስለሚተርፍ 780 ጫፍ በመርፌ ተሸጉጦ መደበቅ አለበት። ያልተሸጎጠ ጫፍ በመጀመሪያው እጥበት ይመዘዛል።

ለምሳሌ ያህል ለአንድ ካሬ 40 ደቂቃ፣ ለአንድ መጋጠሚያ 5 ደቂቃ፣ ለአንድ ጫፍ 1 ደቂቃ እንስጥ። ካሬዎቹ 86 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ማጋጠሙ 19 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ጫፉ 13 ሰዓት ይወስዳሉ። ድምሩ 119 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 15 ቀን መሆኑ ነው። በካሬ ብቻ የሚከፍል ነጋዴ ታዲያ ከ100 ብር የእጅ ዋጋ ውስጥ 27 ብር ያህሉን ሳይከፍል ሊወስድ አስቧል ማለት ነው። አውቆ ላይሆን ይችላል። ሠሪዋ ግን ያን ጊዜ ከየትም አታመጣውም፤ ወይ ታጣድፈዋለች፣ ወይ ትተወዋለች።

ሁለተኛው ችግር የእጅ ልዩነት ነው። አንዷ ክሩን ወጠር፣ ሌላዋ ላላ አድርጋ ትይዛለች። በአንድ ዓይነት ክርና ኪሮሽ ተሠርቶ እንኳ የአንዷ ካሬ 14፣ የሌላዋ 16 ሳንቲ ሜትር ሊመጣ ይችላል። ልዩነቱ በዓይን ቀላል ነው፤ በአሥር ካሬ ሲባዛ ግን አንዱ ረድፍ 140፣ ሌላው 160 ይሆንና 20 ሳንቲ ሜትር ይንጋደዳል። ካሬዎቹን አርጥቦ፣ ሚስማር በተመታበት ጣውላ ላይ ወጥሮ ማድረቅ ይረዳል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ግን በውኃ አይወጣም።

መፍትሔው በእኔ አስተያየት የሥራ ክፍፍሉን መለወጥ ነው። በየቤቱ ያሉት ሴቶች እስከ አምስተኛው ዙር ብቻ ይሥሩ፤ ስድስተኛውን ዙር ለአንዲት አጋጣሚ ይተዉ። እርሷ የመጨረሻውን ዙር እየሠራች በዚያው ኪሮሽ ከጎረቤቱ ካሬ ክፍተት ጋር እያያዘች ትሄዳለች። ሌሎቹ ሁለት መንገዶች፣ በመርፌ መስፋትና ካለቀ በኋላ በኪሮሽ ማያያዝ፣ መጥፎ አይደሉም፤ የመርፌው ስፌት ጠፍጣፋና የማይታይ ነው፣ የኪሮሹ ሸንተረር ቢያወጣም ፈጣንና ለመፍታት ቀላል ነው። ነገር ግን ሁለቱም የተሳሳተ መጠን አያርሙም። በአጋጣሚዋ የሚሠራ የመጨረሻ ዙር ግን ጠባቡን ላላ፣ ሰፊውን ጠበቅ በማድረግ ያቻችላል። ከዚህም በላይ የሁሉም ካሬ ጠርዝ በአንድ ጊዜ ከተገዛ አንድ ቀለም ስለሚሆን፣ ውስጡ የተለያየ ተራፊ ክር ቢሆንም ብርድ ልብሱ አንድ ሆኖ ይታያል።

ክፍያው ግን አብሮ መለወጥ አለበት። የመጨረሻው ዙር ብቻውን ከካሬው ሥራ 28 በመቶ በላይ ነው። ማጋጠሙና ጫፉ ሲደመሩ የአጋጣሚዋ ድርሻ ወደ ጠቅላላው ጊዜ ግማሽ ይጠጋል። እንደ ረዳት በጉርሻ የምትሸኝ አይደለችም።

ይህ ዓይነት ክፍፍል በዓለም አዲስ አይደለም። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ረሀብ በገባ ጊዜ፣ መነኮሳይያትና በጎ አድራጊዎች ለሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል አስተማሩ። አንዱ ቤት ጽጌረዳ፣ ሌላው ቤት ቅጠል ብቻ ይሠራ ነበር፤ የሚያጋጥሙት ሌሎች ነበሩ። 1966ንና 1977ን ለሚያስታውስ የወሎ ሰው ነገሩ ሩቅ አይመስልም። ኪሮሽ እንደ ሹራብ በማሽን በገፍ አይመረትም እየተባለ ብዙ ይወራል፤ እውነት ነው። ይሁንና በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ጥልፍ ማሽኖች መልኩን አስመስለው በርካሽ ማውጣት ሲጀምሩ የአየርላንድ ሴቶች ገበያ ተነካ። ማሽን ሥራውን ባይችልም መልኩን ይቀዳል።

ስለ ክሩ ጥቂት እንበል። ደማቁ ሰው ሠራሽ የሹራብ ክር በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪ ያለበት ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ክር ሳይገዙ በብር ረጅም ውል መግባት አደጋ አለው። በአንፃሩ በደጋው ሴቶች የበግ ጸጉር በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ባና ይሸምኑበታል። ጸጉሩ ሻካራ ነውና ለገላ አይመችም። ለውጭ ጠርዝና ለምንጣፍ ግን ይሆናል፤ ጥቁሩና ቡናማውም ቀለም መንከር አያስፈልገውም።

ገበያውን በተመለከተ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። ካሬው ክፍተት ስላለው ንፋስ ያሳልፋል፤ በሙቀት ከባናና ከጋቢ፣ በዋጋም ከውጭ ከሚገባው ስስ ብርድ ልብስ ጋር አይወዳደርም። የሚሸጠው ከላይ የሚደረብ ጌጥ ሆኖ ነው። ገዢው ላሊበላ ያሉ ማደሪያዎችና እንግዶቻቸው ናቸው፤ ይህ ገበያ ደግሞ በወረርሽኙና በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት ምን ያህል እንደሚደርቅ አይተናል። ጋሸና ራሷ ውጊያ የተካሄደባት ከተማ ናት። ወደ አሜሪካ እንልካለን ለሚሉም፣ ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ከአጎዋ መታገዷን በሒሳባቸው ያስገቡ። ስለዚህ ውል ከመግባትዎ በፊት አንድ ሙሉ ብርድ ልብስ ያሠሩ፤ ክሩን በሚዛን፣ ሥራውን በሰዓት ይለኩ።

እትዬ በበኩላቸው ብርድ ልብሶቹን አልጣሏቸውም። የድንኳኑን ዓይነት መጋጠሚያውን ፈትተው፣ የየካሬውን የመጨረሻ ዙር እየተረተሩ በራሳቸው እጅ እንደ አዲስ ጀምረውታል። እኔ ከጋሸና ስነሳ 40 ያህሉ አልቀዋል። ነጋዴው ተመልሶ ቢመጣ ለመጋጠሚያው ለብቻው ዋጋ እንደሚጠይቁ ነግረውኛል፤ ካልመጣ ደግሞ ለገና ወደ ላሊበላ ለሚወጡ እንግዶች ሊያሳዩት አስበዋል።