ቀዩ ቁልፍ ያላችሁበትን ያውቃል? በትንሽ ጀልባ ላይ ሬዲዮ፣ ጂፒኤስና ራዳር ስለ ማገናኘት

ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከአባቴ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ከሲያትል ወጥተን ሳለ ጉም ወረደብን። ፑጀት ሳውንድ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ አሁን ያያችሁት ዳርቻ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የለም። በዚያው ሞተራችን ጠፋ። የሆነ ትልቅ መርከብ ጥሩምባውን ሲነፋ እንሰማለን፤ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ግን አይለይም። አባቴ ሬዲዮው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ አሳየኝና «አይዞሽ ልጄ፣ የባሰ ከመጣ ይህን መጫን ነው፤ ያለንበትን ራሱ ይነግርልናል» አለኝ።

የሬዲዮውን ስክሪን አየሁት። ቦታችን መጻፍ ባለበት መስመር ላይ ሰረዝ ብቻ ነበር። አጠገቡ ያለው የካርታ ስክሪን (ቻርትፕሎተር) ግን ያለንበትን በትክክል ያሳያል። በሁለቱ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው ያለው፤ ግን አይነጋገሩም። ሞተሩ ከ20 ደቂቃ በኋላ ተነሣና በሰላም ገባን። ያ ሰረዝ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ክረምቱን ሙሉ ከአባቴ ጋር ሽቦ ስንፈታና ስናስር ቆየን። የተማርነውን እነሆ፤ ጀልባ ያለው ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ካላችሁ አካፍሉት።

1. ቀዩ ቁልፍ ምን ይልካል?

የጀልባ ሬዲዮ ቪኤችኤፍ ይባላል። በድምፅ እርዳታ የሚጠየቀው በቻናል 16 ነው። ቀዩ ቁልፍ ግን ድምፅ ሳይሆን አጭር ዲጂታል መልእክት በቻናል 70 ይልካል፤ ይህ አሠራር ዲኤስሲ ይባላል። መልእክቱ ሁለት ዋና ነገሮችን ይይዛል፦ ማን እንደሆናችሁና የት እንዳላችሁ። ሁለቱም በራሳቸው አይመጡም።

«ማን» የሚለውን የሚመልሰው ኤምኤምኤስአይ የሚባል ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ነው። አብዛኞቹ ሬዲዮዎች ይህ ቁጥር ካልገባባቸው ቁልፉን ብትጫኑም አይልኩም። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የጀልባ ማኅበራት ቁጥሩን ይሰጣሉ፤ ነገር ግን እሱ የሚያገለግለው በአሜሪካ ውኃ ላይ ብቻ ነው። ከሲያትል ወደ ቪክቶሪያ ወይም ወደ ቫንኩቨር የሚሻገር ሰው የኤፍሲሲ ፈቃድና ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን ቁጥር መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ የደነገጥንበትን ልንገራችሁ። ጀልባውን የገዛነው አሮጌ ነው፤ ሬዲዮው ውስጥ የተመዘገበው የቀድሞው ባለቤት ቁጥር ነበር። ያን ቀን ቁልፉን ብንጫን ኮስት ጋርድ የሚያገኘው የሌላ ሰው ስምና ስልክ ነበር ማለት ነው። ብዙ ሬዲዮዎች ቁጥሩን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ አሮጌ ሬዲዮ ከገዛችሁ አምራቹ ዘንድ ልካችሁ ማስጠፋት ሊኖርባችሁ ይችላል። አዲስ ስታስገቡም እያንዳንዱን አኃዝ ሁለት ጊዜ አንብቡ።

2. ሁለት ሽቦ

«የት» የሚለውን የሚመልሰው ጂፒኤስ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ሬዲዮዎች ጂፒኤስ በውስጣቸው አላቸው። የሌላቸው ከካርታው ስክሪን መቀበል አለባቸው። የቆየውና ቀላሉ መንገድ ኤንኤምኢኤ 0183 ይባላል። ሕጉ አንድ ነው፦ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። የተናጋሪው መውጫ ከሰሚው መግቢያ ጋር ይታሰራል። መውጫን ከመውጫ ጋር ካሰራችሁ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ማንም አይሰማም።

የሽቦ ቀለም በየአምራቹ ስለሚለያይ በግምት አትሥሩ፤ የሁለቱንም መመሪያ ጎን ለጎን ዘርጉ። ፍጥነቱም መስማማት አለበት። መደበኛው በሴኮንድ 4800 ቢት ነው፤ የመርከቦችን ማንነት የሚያሳየው ኤአይኤስ ግን 38400 ይጠቀማል። እኛ ሽቦውን በትክክል አስረን ፍጥነቱን ረስተን አንድ ሙሉ ከሰዓት አጥፍተናል።

3. አከርካሪው

አዲሱ መንገድ ኤንኤምኢኤ 2000 ነው። በጀልባው ውስጥ አንድ ዋና ገመድ እንደ አከርካሪ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ይቀጠልበታል። ሦስት ነገሮችን ያዙ። አንደኛ፣ በአከርካሪው ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ መዝጊያዎች ይገባሉ፤ ሁለት ብቻ፣ ጫፍ ላይ ብቻ። ሁለተኛ፣ ከአከርካሪው ወደ መሣሪያው የሚሄደው ቅርንጫፍ ከ6 ሜትር አይበልጥም። ሦስተኛ፣ አከርካሪው የራሱ የ12 ቮልት መስመርና ፊውዝ ያስፈልገዋል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ኃይሉን አጥፉና በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል በመልቲሜትር ለኩ። ወደ 60 ኦም ካነበባችሁ ደህና ነው። 120 ካለ አንዱ መዝጊያ የለም ወይም ገመዱ ተቋርጧል። 40 ካለ አንድ ትርፍ መዝጊያ ገብቷል።

4. ኃይልና አንቴና

ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው። በ25 ዋት ሲናገር ግን ከ5 እስከ 6 አምፔር ይወስዳል። ስለዚህ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ወይም ማያያዣው ከዛገ ሬዲዮው በደንብ ይሰማል፤ መናገሪያውን ስትጫኑ ግን ይጠፋል። ለእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የቮልቴጅ መቀነስ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። በ12 ቮልት ይህ 0.36 ቮልት ብቻ ነው። የሽቦውን ርዝመት ስታሰሉ መሄጃውንም መመለሻውንም ቁጠሩ። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርጉት። ጨው ስለሚበላው ተራ ሽቦ ሳይሆን ለባሕር የተሠራ፣ ቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ግዙ።

አንቴና ሳይሰካ በሬዲዮው አትናገሩ፤ ሊበላሽ ይችላል። ከፍታም ዋጋ አለው፤ የቪኤችኤፍ ሞገድ በአመዛኙ በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው። አንቴናቸው ከውኃው 2.5 ሜትር ከፍ ያለ ሁለት ጀልባዎች እስከ 7 የባሕር ማይል (13 ኪሎ ሜትር) ገደማ ይሰማማሉ። የኮስት ጋርድ አንቴናዎች ከፍታ ላይ ስለሚተከሉ ከዚያ በጣም ርቀው ይሰማሉ።

5. ራዳር

አባቴ ከጉሙ ማግስት መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ራዳር ነበር። እኔ ግን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። ራዳር ሌላውን ታዩበታላችሁ እንጂ እናንተን ለማንም አይናገርም። የራዳር ምስል ለኤንኤምኢኤ ገመድ ስለሚበዛ በራሱ የኤተርኔት ገመድ ወይም በዋይፋይ ነው የሚሄደው፤ ኃይሉንም በራሱ ፊውዝ በኩል ይወስዳል።

ምስሉን በካርታው ላይ ለመደረብ የአቅጣጫ ሴንሰር፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ፣ ያስፈልጋል። ጂፒኤስ የሚያውቀው ወዴት እየተጓዛችሁ እንደሆነ እንጂ የጀልባው አፍንጫ ወዴት እንደዞረ አይደለም። እንደ እኛ ሞተር ጠፍቶባችሁ ስትንሳፈፉ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ያለ ሴንሰሩ የተደረበው ምስል ይዞርና ያሳስታችኋል። ሴንሰሩን ከድምፅ ማጉያ፣ ከብረትና ከወፍራም የኃይል ገመድ አርቁት።

6. ሳይጫኑ መፈተሽ

እኛ ነርሲንግ ተማሪዎች ወደ ታካሚ ክፍል ስንገባ ከምናረጋግጣቸው ነገሮች አንዱ የጥሪ ቁልፉ ነው፤ እጁ ይደርስበታል ወይ፣ ሲጫነው ጥሪው ነርሷ ዘንድ ይደርሳል ወይ? የማይሠራ የጥሪ ቁልፍ ከሌለ ይብሳል፤ ታካሚው ተማምኖበት ይጠብቃላ። የአባቴ ቀይ ቁልፍም እንደዚያ ነበር።

ልዩነቱ ጀልባ ላይ ለሙከራ ብሎ ቀዩን ቁልፍ መጫን ክልክል መሆኑ ነው፤ የሐሰት የድረሱልኝ ጥሪ ያስጠይቃል። በምትኩ ከሬዲዮው ሜኑ ውስጥ የሙከራ ጥሪ የሚለውን መርጣችሁ ለአሜሪካ ኮስት ጋርድ ቁጥር 003669999 ላኩ፤ መልሱ በራሱ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ስክሪኑን እዩ፦ ቁጥሩ የእናንተ ነው? ቦታው ተጽፏል? ሰዓቱ ትክክል ነው?

በመጋቢት የሙከራውን መልስ ስናገኝ አባቴ ምንም አላለም፤ ሬዲዮውን ቸብ ቸብ አደረገው። አሁን ሁልጊዜ ከመውጣታችን በፊት «ቦታው አለ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ስክሪኑን አይቼ አነብለታለሁ። ሰረዝ ካየሁ ከወደብ አንወጣም።