በብብት ሥር የሚወጣ እብጠት፦ ጸሎትም ሕክምናም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን ካህናት አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር አለቀሰ፤ ጸሎቱም ተሰማለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የምሕረቱን ቃል ካደረሰ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (መጽሐፈ ነገሥት ካልእ ምዕራፍ 20)። ጸሎቱ መድኃኒቱን አላስቀረም፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን አልተካም። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ብዙዎች ለማሳየት የሚያፍሩበትን፣ በልብስ ተሸፍኖ የሚቆየውን የብብት እብጠት ነው።

በብብታችን ውስጥ ከእጅ፣ ከጡትና ከደረት የሚመጣውን ፈሳሽ የሚያጣሩ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ሲያብጡ ንፍፊት እንላቸዋለን። በጋሞ ደጋ እንሰት ስትፍቅ እጇን የቆረጣት እናት፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ብብቷ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ቁስሉ ሲድን አብሮ ይጠፋል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የጠነከረ ወይም እያደገ የሚሄድ እብጠት ግን በሐኪም መታየት አለበት። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ መግል የቋጠረ እባጭ ነው። ሐኪም በማደንዘዣ ከፍቶ መግሉን ያወጣዋል። በብብት ውስጥ ትላልቅ የደም ሥሮችና ነርቮች ስለሚያልፉ በቤት ውስጥ በምላጭ መብጣት እጅግ አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ዳነ ሲሉት የሚመለስ፣ ከቆዳ ሥር እርስ በርሱ እየተያያዘ የሚያዥ እባጭ ነው። ንጽሕናን ከማጉደል አይመጣም፤ ወደ ሌላም ሰው አይተላለፍም። መግሉን ማፍሰስ ብቻውን ስለማይበቃ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሲብስም ሐኪሙ የታመመውን ቆዳ በሙሉ ቆርጦ ያወጣል፤ አንዳንዴም ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ቆዳ ይሸፍነዋል።

ሦስተኛ፣ የንፍፊት ነቀርሳ ወይም የዕጢ ቲቢ ነው። ከአንገት ላይ ይበዛል፤ በብብትም ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ቀስ ብሎ ያብጣል፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ሊከተሉት ይችላሉ። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ዋና ፈውሱ ቀዶ ሕክምና ሳይሆን በተለምዶ ለ6 ወር የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም በነፃ ይሰጣል። ያልተፈላ ወተት በሽታውን ሊያስተላልፍ እንደሚችልም ምእመናንን እናስተምር።

አራተኛ፣ የጡት ካንሰር ነው። በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ሲሆን፣ ከጡት ተነሥቶ ሲዛመት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደርሰው በብብት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከጡቱ ጋር የብብቱንም ዕጢዎች ሊያወጣ ይችላል፤ እንደ ሕመሙ ደረጃ ሌላ መድኃኒትና ጨረር ይታከላል። ከዚያ በኋላ እጅ ሊያብጥ ስለሚችል ከቁስል መጠበቅና በሐኪም ምክር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ሴቶቻችን ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት ኀፍረት፣ ሁለተኛው የገንዘብ እጦት፣ ሦስተኛው ሕክምና መሄድ ጸበልን መናቅ ነው የሚል የተሳሳተ አሳብ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸውን እናስታውስ። ለባሏ ያልነገረችውን ለንስሐ አባቷ የምትናገር እናት አለች፤ ያን ጊዜ አባ «ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ነገ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ» ቢሏት ቃላቸው ሕይወት ያድናል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ፦

1. ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተነጋግሮ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት እንድትሰጥ ያድርግ፤
2. ከጤና ጣቢያ ወደ አርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል ለሚላኩ ችግረኞች የመጓጓዣ ገንዘብ ከምጽዋቱ ይመድብ፤
3. የቲቢ መድኃኒት የጀመረውን እስከ መጨረሻው የሚከታተል ሰው ይሰይም።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ሕመሙን ደብቆ የተቀመጠ ሰው ቢኖር አስቀድሞ ለማን ይነግራል? እኛስ ለመስማት ተዘጋጅተናልን?

የነፍስና የሥጋ መድኃኒት የሆነ አምላካችን ሕሙማንን ይማር፤ የሐኪሞችን እጅ ይባርክ፤ አሜን።