ሜትር ለያዘ ልጄ

ልጄ፣ የሶላር ባትሪ ጥገና መጀመርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሰው የአንተን ንባብ አምኖ ገንዘቡን ያወጣልና፣ ከቁጥሩ ጋር ስንት ሊሳሳት እንደሚችልም ማስላት ይኖርብሃል።

1. ከሜትሩ ጋር የሚመጣውን መመሪያ አትጣለው። ለምሳሌ የፍሉክ 117 የዲሲ ቮልት ዝርዝር ±(0.5% + 2) ይላል። መቶኛው የሚሰላው ካነበብከው ቁጥር ነው። 2ቱ ግን የስክሪኑ መጨረሻ አሃዝ የአንድ እርምጃው ዋጋ ሁለት ጊዜ ነው። አብዛኛው ሰው መቶኛውን ይይዝና ይህቺን ትንሽ ቁጥር ይረሳታል፤ ሬንጁ ከፍ ሲል ግን ጉዳቱ ከእሷ ነው የሚመጣው።

2. ሒሳቡን በእጅህ ሥራው። ያረፈ የሊድ አሲድ ባትሪ በ60 ቮልት ሬንጅ ለክተህ 12.60 አየህ እንበል። ግማሽ በመቶው 0.063 ነው። የመጨረሻው አሃዝ አንድ እርምጃ 0.01 ስለሆነ ሁለቱ 0.02 ይሆናል። ድምሩ 0.083 ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ቮልት ከ12.52 እስከ 12.68 ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። የሞላ ባትሪ 12.6 ገደማ፣ ሩቡ የጎደለ 12.4 ገደማ ነውና ሁለቱን መለየት ትችላለህ። አሁን ያንኑ ባትሪ በ600 ቮልት ሬንጅ ለካው። የመጨረሻው አሃዝ አንድ እርምጃ 0.1 ስለሆነ ሁለቱ 0.2 ነው፤ ድምሩ 0.263 ደረሰ። ከ12.34 እስከ 12.86! በዚህ ንባብ ባትሪው ሞልቷል ወይም ጎድሏል ብለህ ለማንም አትንገር።

3. ስለዚህ ንባቡን መያዝ የሚችለውን ዝቅተኛውን ሬንጅ ምረጥ።

4. ሙቀቱን አትርሳ። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ቦታ፣ ካሊብሬሽን ከተደረገ በኋላ ለአንድ ዓመት ነው። መመሪያው ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ የዝርዝሩን አንድ አሥረኛ ጨምር ካለ፣ ሰመራ ላይ በ38 ዲግሪ ስትለካ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል።

5. ደጋግመህ ለካ፤ ግን መደጋገም የሜትሩን የራሱን ስህተት አይቀንስም፣ የንባቡን መዋዠቅ እንጂ። ለላቦራቶሪ ሪፖርት ስትጽፍ 0.083ን ለ1.73 (ለ3 ካሬ ሥር) አካፍል፤ በወሰኑ ውስጥ ያለው ዋጋ ሁሉ እኩል ዕድል አለው ብለን ስለምናስብ ነው። 0.048 ታገኛለህ። የአማካዩ መዋዠቅ 0.02 ቢሆን፣ ሁለቱን በየራሳቸው አባዛቸው፣ ደምርና ካሬ ሥሩን አውጣ፤ 0.052 ይሆናል። በ2 ስታባዛው 12.60 ± 0.10 ቮልት፣ በ95 በመቶ ገደማ እርግጠኝነት ብለህ ትጽፋለህ። ለዕለት ጥገና ግን የተራ ቁጥር 2 ድምር ይበቃሃል።

6. ለደንበኛው በምትሰጠው ወረቀት ላይ ከቮልቱ አጠገብ ሬንጁን፣ የሜትሩን ሞዴልና የመጨረሻውን ካሊብሬሽን ቀን አስፍር፤ ሌላ ባለሙያ ነገ ቢመጣ የአንተን ሒሳብ እንደገና መሥራት እንዲችል።