አስጎብኚው መብራት የሚከለክለው ለምንድን ነው?

በመካከለኛው አሜሪካ ኮስታ ሪካ የምትባል ትንሽ አገር አለች። አየሯ ሞቃት ነው፤ ዝናቧም ብዙ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሰዎች ለዕረፍት ወደዚያ ይሄዳሉ። በባሕሩ ዳርቻ ይዝናናሉ። ከአስጎብኚ ጋርም በእግር እየተዘዋወሩ የዱር እንስሳትን ያያሉ።

በዚህች አገር፣ በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ፣ ቶርቱጌሮ የምትባል መንደር ትገኛለች። የመኪና መንገድ አይደርስባትም። ሰው የሚገባባት በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው። ስሟ የመጣው ኤሊ ከሚለው የስፓኝ ቋንቋ ቃል ነው። ስሙም የሚገባት ነው። በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እጅግ ብዙ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋዋ ይወጣሉ።

የባሕር ኤሊ እኛ ከምናውቃት የየብስ ኤሊ ትለያለች። እግሮቿ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ሰፋፊ ናቸው። በቶርቱጌሮ በብዛት የምትታየው አረንጓዴ ኤሊ የምትባለው ናት። ጀርባዋን የሚሸፍነው ድንጋይ መሰል ልባስ 1 ሜትር ያህል ይረዝማል። ክብደቷም ከ100 ኪሎ ይበልጣል።

የሌሊቱ ጉዞ

ኤሊዋ የምትወጣው በሌሊት ስለሆነ ጉብኝቱም በሌሊት ነው። ያለ አስጎብኚ ወደ አሸዋው መውረድ ክልክል ነው። ከአስጎብኚዎቹ ብዙዎቹ የመንደሩ ልጆች ናቸው። ከመነሳታቸው በፊት አስጎብኚው ጎብኚዎቹን ሰብስቦ እንዲህ ይላቸዋል፦

«ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ። ባትሪ አታብሩ። ስልክና ካሜራ እዚሁ ይቅር። ሳትንጫጩ በሰልፍ ተከተሉኝ።»

አንዳንዱ ጎብኚ ቅር ይለዋል። «ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ አንድ ፎቶግራፍ ባነሳ ምናለበት?» ይላል። አስጎብኚው ግን አይፈቅድም። ለመሆኑ ለምን ይሆን?

አንደኛው ምክንያት እናቲቱ ናት። ኤሊዋ ከውሃው ስትወጣ ፈሪ ናት። መብራት ካየች ወይም ሰው ሲንቀሳቀስ ካየች እንቁላሏን ሳትጥል ወደ ባሕሩ ትመለሳለች። ስለዚህ ጎብኚዎቹ ራቅ ብለው በዝምታ ይጠብቃሉ። እርሷ በኋላ እግሮቿ አሸዋውን ቆፍራ እንቁላል መጣል ስትጀምር እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አትደነግጥም። አስጎብኚው የሚጠራቸው ያን ጊዜ ነው። በስተኋላዋ ያቆማቸውና በደብዛዛ ቀይ መብራት ያሳያቸዋል። እንቁላሎቹ ነጫጭና ክብ ናቸው፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ያህላሉ። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ይገኛሉ።

ከኤሊዋ ዓይን ውሃ ይፈስሳል። «ምጥ ጠንቶባት ታለቅሳለች እኮ!» የሚል ጎብኚ አይጠፋም። ልቅሶ ግን አይደለም። ኤሊዋ በባሕር ውስጥ ስለምትኖር ብዙ ጨው ወደ ሰውነቷ ይገባል። ትርፉን ጨው የምታስወጣው በዓይኗ በኩል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ልጆቿ ናቸው። ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ትፈለፍላለች። ኤሊ ግን ጉድጓዱን በአሸዋ ደፍና ትሄዳለች። እንቁላሉን የሚያሞቀው አሸዋው ነው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ትንንሾቹ ኤሊዎች ተፈልፍለው፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ ከአሸዋው ይወጣሉ። መንገድ የሚያሳያቸው እናት የላቸውም። የሚመራቸው ብርሃን ነው። በሌሊት ዱሩ ይጨልማል፤ ባሕሩ ግን የሰማዩን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ፈካ ይላል። እነርሱም ወደ ፈካው በኩል ይሮጣሉ። ከኋላቸው የቤት ወይም የሆቴል መብራት ቢበራ ግን ባሕሩ መስሏቸው ወደዚያ ይሄዳሉ። ሲነጋ ፀሐይ ያደርቃቸዋል፤ ወይም ወፍና ሸርጣን ይበላቸዋል። እንግዲህ ለእኛ መንገድ የሚያሳየን መብራት ለእነርሱ መሳሳቻ ነው ማለት ነው።

ከአዳኝነት ወደ ጠባቂነት

ቀድሞ በቶርቱጌሮ ኤሊ ይታደን ነበር። ሥጋዋ ይበላል፤ እንቁላሏም ይለቀማል። ለሾርባ የሚሆነው የሰውነቷ ክፍል ደግሞ ወደ ውጭ አገር ይሸጥ ነበር። በዚህ ዓይነት ኤሊዎቹ እየተመናመኑ ሄዱ።

አርቺ ካር የተባለ አሜሪካዊ የሳይንስ ሊቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ቶርቱጌሮ መጥቶ ኤሊዎቹን ማጥናት ጀመረ። በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን አንብበው የተቆረቆሩ ሰዎች በ1959 እ.ኤ.አ. የኤሊ ጥበቃ ድርጅት አቋቋሙ። አንድ መጽሐፍ ሰዎችን ለሥራ አነሳሳ ማለት ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. አካባቢው በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም። የመንደሩ ሰው ከምን ይብላ? መልሱን የሰጠው የሌሊቱ ጉዞ ነው። የታረደች ኤሊ የምትሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሕይወት ያለች ኤሊ ግን በዚያው ወቅት ደጋግማ ትወጣለች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ትመለሳለች። በወጣች ቁጥርም ለአስጎብኚው፣ ለጀልባ ነጂውና ለምግብ ቤቱ እንጀራ ታመጣለች። አስጎብኚው መብራት ሲከለክል ኤሊዋንም የመንደሩን ኑሮም ይጠብቃል።

ሥራው ግን አላለቀም። ባለፉት ዓመታት በቶርቱጌሮ የሚወጡት ኤሊዎች ቁጥር እንደገና ቀንሷል። ኤሊ ድንበር አታውቅም። በቶርቱጌሮ እንቁላሏን ጥላ በጎረቤት አገር በኒካራጓ ባሕር ሣር ትግጣለች። በዚያ ደግሞ አዳኝ ይጠብቃታል። አንድ መንደር ብቻውን ቢጠብቅ በቂ አይደለም፤ ጎረቤትም ሊተባበር ይገባል።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ዛሬ ሌሊት ወደ ባሕር የገባች ትንሽ ኤሊ አድጋ እንቁላል እስክትጥል 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የዛሬው አስጎብኚ የድካሙን ፍሬ የሚያየው ልጁ ለአስጎብኚነት ሲደርስ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ!

ጥያቄዎች

1. ኤሊዋ ከባሕር ስትወጣ መብራት ብታይ ምን ታደርጋለች?
2. ትንንሾቹ ኤሊዎች የባሕሩን አቅጣጫ በምን ያውቃሉ?
3. ከኤሊዋ ዓይን የሚፈስሰው ምንድን ነው?
4. የቶርቱጌሮ ሰዎች ኤሊን በመጠበቃቸው ምን ጥቅም አገኙ?
5. በአካባቢያችሁ ቢጠበቅ ለሕዝቡ የበለጠ ጥቅም የሚሰጥ የዱር እንስሳ ወይም ዛፍ አለ? ተወያዩበት።