ወደ ታላቅ ትምህርት ቤት ለመግባት ስለ መሰናዳት

ልጆች ትምህርታቸውን በትንሽ ትምህርት ቤት ይጀምራሉ። ፊደል ይቈጥራሉ፤ ንባብ ይማራሉ፤ ሒሳብ ይደምራሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ወደ ታላቁ ትምህርት ቤት ለመግባት ይመኛሉ። ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቲ የፈለገ ሰው ሁሉ ዘው ብሎ የሚገባበት ቤት አይደለም። በበሩ ላይ ጠባቂ አለ፤ ጠባቂውም ፈተና ነው።

ፈተናውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በወረቀት የሚጻፍ ነው፤ ሁለተኛው ግን በቃል የሚጠየቅ ነው። በዚህ በሁለተኛው ፈተና መምህራን ተማሪውን በፊታቸው አስቀምጠው ይጠይቁታል፤ መልሱንም ያዳምጣሉ፤ ከዚያም በኋላ ለትምህርታቸው የሚበቃ መሆኑንና አለመሆኑን ይፈርዳሉ። ይህ የቃል ጥያቄ በሁሉም አገር የለም፤ ባለበት ስፍራ ግን ተማሪዎች አብዝተው ይፈሩታል።

የሚፈሩትስ ስለ ምንድር ነው? ብዙዎቹ መሰናዳት የሚጀምሩት የጥያቄው ቀን ከቀረበ በኋላ ስለ ሆነ ነው። አንዱ ያማረ ንግግር ከሌላ ሰው ተቀብሎ በቃሉ ያጠናል። ሁለተኛው አዲስ ልብስ ይፈልጋል። ሦስተኛው ሌሊቱን ሁሉ ሳይተኛ መጽሐፍ ሲገልጥ ያድራል። የአማርኛ ተረት ግን፥ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፥ ይላል። እውነተኛው መሰናዶ ከብዙ ጊዜ በፊት፥ ማንም በማያየው ስፍራ፥ በየቀኑ ሥራ የሚደረግ ነው። ይህም እውነት እንደ ሆነ በአሜሪካ አገር የነበረ የአንድ ድኻ ልጅ ታሪክ ያስረዳል። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የልጁ ስም ቡከር ዋሽንግተን ይባላል። በ1856 በቨርጂኒያ ግዛት እንደ ተወለደ ይነገራል፤ እርሱ ራሱ ግን የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበር። እናቱ ባሪያ ነበረች፤ በዚያ ዘመንም በነበረው ሕግ ከባሪያ የተወለደ ሁሉ ባሪያ ስለ ነበረ እርሱም በባርነት ተወለደ። በ1865 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካለቀ በኋላ ነጻ ወጡ፤ ቤተ ሰቡም ማልደን ወደምትባል የምዕራብ ቨርጂኒያ መንደር ሄደ። ቡከርም ገና ሕፃን ሳለ በጨው ማፍያ ቤት፥ በኋላም በከሰል ጕድጓድ ውስጥ ይሠራ ነበር።

አንድ ቀን በጕድጓዱ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ሲነጋገሩ ሰማ። በቨርጂኒያ ለጥቁር ሕዝብ የተከፈተ ታላቅ ትምህርት ቤት አለ፤ ድኻ ተማሪም የምግቡን ዋጋ እየሠራ ሊማርበት ይችላል፥ እያሉ ያወሩ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በ1868 በሐምፕተን ከተማ የተመሠረተ ሲሆን አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን ነበር፤ ዛሬ ሐምፕተን ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ቡከርም መንገዱ በየት በኩል እንደ ሆነ፥ ምን ያህል እንደሚርቅም ሳያውቅ ወደዚያ ለመሄድ በልቡ ቈረጠ።

በዚያች መንደር እመቤት ራፍነር የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ባላቸውም የጨው ማፍያውና የከሰሉ ጕድጓድ ባለቤት ነበሩ። እመቤት ራፍነር በሠራተኛ ላይ እጅግ ጥብቅ ስለ ነበሩ፥ በቤታቸው የሚያገለግል ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጥሎ ይሄድ ነበር። ቡከር በወር 5 ዶላር ሊያገለግላቸው ገባ። በመጀመሪያ በፊታቸው ሲቆም ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን የሚፈልጉትን ነገር ዐወቀ። እመቤቲቱ የሚፈልጉት ንጽሕናን፥ ትጋትንና እውነትን ነበር። ቤቱም ግቢውም ንጹሕ ሊሆን፥ ሥራውም ሁሉ በጊዜውና በሥርዓቱ ሊፈጸም፥ ሐሰትም ፈጽሞ እንዳይነገር ይሹ ነበር።

ቡከርም ወለል መጥረግን፥ አቧራ መወልወልን፥ የወደቀውን ማንሣትን ተማረ። ሥራውም በልማድ በረታ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ በመንገድ ላይ የወደቀ ወረቀት ባየ ጊዜ ለማንሣት ይመኝ ነበር። እመቤት ራፍነርም የትምህርት ፍቅሩን አይተው፥ በብርድ ወራት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ይፈቅዱለት ነበር። ልጁም ከአሮጌ የእንጨት ሣጥን መደርደሪያ ሠርቶ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያኖርበት ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ለፈተና እየተሰናዳ መሆኑን አላወቀም።

በ1872 በመፀው ወራት ጕዞውን ጀመረ። እናቱ በዚያን ጊዜ ደክማ ነበር፤ ሲሰናበታትም ዳግመኛ አያታለሁ ብሎ ተስፋ አላደረገም። እርስዋ ግን ልብዋን አጽንታ ሸኘችው። ዕድሜያቸውን በባርነት የፈጁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንዱ 5 ሳንቲም፥ አንዱ 25 ሳንቲም፥ አንዱም መሐረብ ሰጡት። መንገዱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በአንድ ሌሊት የእንግዳ ማረፊያ ቤት ጠባቂ ጥቁር ስለ ሆነ አላሳድርህም አለው፤ እርሱም ብርዱን ለመቋቋም ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አደረ። ገንዘቡ እያለቀ ሲሄድም አንዳንድ ጊዜ በእግሩ፥ አንዳንድ ጊዜም በሠረገላ ጫኑኝ ብሎ መንገደኞችን እየለመነ ተጓዘ።

ሪችመንድ ወደምትባል ከተማ በደረሰ ጊዜ አንዲት ሳንቲም አልቀረችውም፤ ሐምፕተንም ገና 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። እየተራበ እስከ እኩለ ሌሊት በከተማው ሲዞር ቆየ፤ ከዚያም ከሳንቃ በተሠራ የእግረኛ መንገድ ሥር ገብቶ የልብሱን ከረጢት ተንተርሶ ተኛ። የሚያልፉት ሰዎች ኮቴ ከራሱ በላይ ይሰማው ነበር። በነጋም ጊዜ ጥሬ ብረት የሚያራግፍ መርከብ አይቶ የመርከቡን አለቃ ሥራ ለመነ፤ አለቃውም ፈቀደለት። ብዙ ቀን ሠራ፤ ገንዘቡን ለመቈጠብ ሲልም በዚያው በሳንቃው ሥር ማደሩን አልተወም። ሐምፕተን በገባ ጊዜ በእጁ የነበረው 50 ሳንቲም ብቻ ነበር።

ቡከር ባለ ሦስት ፎቁን የጡብ ቤት አይቶ እጅግ ደስ አለው። ወዲያውም ዋና መምህርት ወደ ነበሩት ወደ ወይዘሪት ሜሪ ማኪ ቀረበ። ነገር ግን ብዙ ቀን ገላውን ሳይታጠብ፥ ልብሱን ሳይለውጥ፥ ጠግቦም ሳይበላ ስለ ቆየ፥ መልኩ ሥራ ፈት ዘዋሪ ይመስል ነበር። መምህርቲቱም አልተቀበሉትም፤ ሂድ ብለውም አላሰናበቱትም። ልጁ ከዚያው ቆየ። ሌሎች ተማሪዎች መጥተው ሲገቡ በዓይኑ ያይ ነበር። ዕድል ቢሰጠው ከእነርሱ እንደማያንስ በልቡ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ማን ይመስክርለት? ልብሱ ይመሰክርበት ነበር እንጂ አይመሰክርለትም። ቢመለስም ያ ሁሉ መንገድ በፊቱ ነበረ።

ብዙ ሰዓት ካለፈ በኋላ መምህርቲቱ በአጠገቡ ያለው የትምህርት ክፍል መጠረግ እንዳለበት ነግረው መጥረጊያ እንዲያነሣ አዘዙት። ሌላ ልጅ ቢሆን፥ ልማር መጣሁ እንጂ ልጠርግ አልመጣሁም ብሎ በተቈጣ ነበር። ሌላውም መካከሉን ብቻ ጠርጎ መጥረጊያውን በጣለ ነበር። ቡከር ግን የሚጠየቅበት ሰዓት እንደ ደረሰ ተረዳ፤ መልሱንም በእመቤት ራፍነር ቤት ተምሮት ነበር። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ጠረገ። ጨርቅ ፈልጎም አራት ጊዜ ወለወለ። በግድግዳው ዙሪያ ያለውን እንጨት፥ አግዳሚውን ወንበርና ጠረጴዛውን ሁሉ አጠራ። ዕቃውን ከስፍራው እያነሣ ሥሩን ጠረገ፤ ቁም ሣጥኑንና ማዕዘኑንም አልተወም። ከዚያ በኋላ ሄዶ ሥራውን መፈጸሙን ተናገረ።

መምህርቲቱም ገብተው ወለሉን መረመሩ፤ በቁም ሣጥኑም ውስጥ አዩ። መሐረባቸውን አውጥተው በግድግዳው እንጨት፥ በጠረጴዛውና በአግዳሚው ላይ አሹት። በመሐረቡም ላይ ጥቂት እድፍ እንኳ አልተገኘም። በዚያን ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ለመግባት እንደሚበቃ በዝግታ ነገሩት። ደግሞም የቤቱ ጠባቂና ጠራጊ ሆኖ የምግቡን ዋጋ በሥራው እንዲከፍል ፈቀዱለት። ቡከርም በሌሊት እየተነሣ እሳት ሲያነድና ክፍል ሲጠርግ፥ በቀንም ሲማር ቆይቶ በ1875 ትምህርቱን ፈጸመ። በ1881 በአላባማ ግዛት በቱስኪጊ የተከፈተው ትምህርት ቤት የመጀመሪያ አለቃ ሆነ፤ እስኪሞትም ድረስ፥ እስከ 1915፥ መራው። ይህም ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ1901 በታተመው የሕይወቱ ታሪክ መጽሐፍ ስለዚያ ክፍል ሲጽፍ፥ የመግቢያ ፈተናው ያ መጥረግ እንደ ነበረ ተናግሯል።

ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ተማሪ መጥረጊያ አይሰጡትም፤ ነገር ግን የሚሰጡት ጥያቄ እንደዚያ ክፍል ነው። በእንግሊዝ አገር ያሉት ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ የተባሉት የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን በቃል ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁትም ተማሪው ቢገባ ራሳቸው የሚያስተምሩት መምህራን ናቸው። ሒሳብ ሊማር ለሚፈልገው አዲስ የሒሳብ ጥያቄ ያቀርቡለታል፤ ስለ መጻሕፍት ሊማር ለሚፈልገው አይቶት የማያውቀውን አንድ ገጽ ያስነብቡታል። ከዚያም የሚያስበውን እየተናገረ እንዲሄድ ይጠይቁታል። የሚሹት መልሱን ብቻ አይደለም፤ ወደ መልሱ የሚሄድበትን መንገድ ነው። ቢሳሳትም ጥቂት ምልክት ይሰጡታል፤ ያንንም ተቀብሎ ስሕተቱን ያርም እንደ ሆነ ያያሉ። ስለዚህ በቃል ተጠንቶ የመጣ ንግግር በዚያ ስፍራ እንደ ተዋሱት ልብስ ነው፤ በልክ አይሆንም።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሊሰናዳ የሚወድ ልጅ ምን ያድርግ?

ፊተኛ፥ በየቀኑ ያንብብ። ያነበበውንም መጽሐፉን ዘግቶ ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ በራሱ ቃል ይንገር። ሰሚው ነገሩን ካልተረዳው ተናጋሪውም ገና በደንብ አልተረዳው ይሆናል፤ ተመልሶ ያንብብ።

ሁለተኛ፥ ስለ ምን ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ሒሳብ በሠራም ጊዜ መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘው ድምፁን አሰምቶ ይናገር።

ሦስተኛ፥ የማያውቀውን አላውቅም ለማለት አይፈር። ሳያውቅ ዐውቃለሁ የሚል ልጅ በሚቀጥለው ጥያቄ ይያዛል። አላውቅም፥ ነገር ግን እስቲ ላስብበት ብሎ የሚጀምር ግን በመምህራን ዘንድ ይከበራል። ያላነበበውንም መጽሐፍ አንብቤአለሁ ብሎ በማመልከቻው ላይ አይጻፍ፤ ስለ እርሱ ይጠየቃልና።

አራተኛ፥ በሚታረምበት ጊዜ አይቈጣ። ተግሣጽ ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም። ቡከር ከጥብቋ እመቤት ቤት እንደ ሌሎቹ ልጆች ሸሽቶ ቀርቶ ቢሆን፥ በሐምፕተን የተሰጠውን ክፍል እንዴት አድርጎ በጠረገ ነበር?

የጥያቄው ቀን በቀረበ ጊዜ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ተማሪው በማመልከቻው የጻፈውን ደግሞ ያንብብ፤ ስፍራውንና ሰዓቱን ይወቅ፤ በጊዜ ይተኛ፤ ንጹሕ ልብስ ይልበስ፤ አስቀድሞ ይድረስ፤ መምህራኑንም በአክብሮት ሰላም ይበል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ዓመት ያልተሠራውን ሥራ አንድ ማታ ሊሠራው አይችልም።

ደግሞም የተሰናዳ ሁሉ ይገባል ማለት አይደለም። ስፍራው ጥቂት ነው፤ የሚመጡት ግን ብዙዎች ናቸው፤ ፈራጆቹም ሰዎች ስለ ሆኑ ይሳሳታሉ። ነገር ግን በእውነት የተሰናዳ ልጅ በሩ ቢዘጋበትም ባዶ እጁን አይመለስም። ያነበበው፥ የለመደው ትጋትና እውነተኛነቱ ከእርሱ ጋር ይመለሳሉ፤ ሌላም በር ሲከፈት ተሰናድቶ ይገኛል።

ስለዚህ ትንሽ ልጅ ዛሬ አንድ ገጽ እንዲያነብ ወይም ክፍሉን እንዲጠርግ ሲታዘዝ፥ ማን ያየኛል ብሎ ሥራውን አያጕድል። መሐረብ ይዞ የሚመረምር ሰው የሚመጣበትን ቀን ማንም አያውቅም፤ ከአግዳሚው ሥር ያለውን አቧራ ግን ዛሬ መጥረግ ይቻላል።

ጥያቄዎች

1. ለቃል ጥያቄ በመጨረሻው ቀን ብቻ መሰናዳት የማይጠቅመው ስለ ምንድር ነው?
2. ቡከር በእመቤት ራፍነር ቤት ምን ተማረ?
3. በሪችመንድ ከተማ የት አደረ? ገንዘብስ እንዴት አገኘ?
4. ወይዘሪት ማኪ ክፍሉን እንዴት መረመሩ?
5. መምህራን ከመልሱ ሌላ በተማሪው ዘንድ የሚሹት ምንድር ነው?
6. በደንብ የተሰናዳ ልጅ ሳይገባ ቢቀር ምን ይቀርለታል?