ሰው ሰውን ሲስል፣ እግዚአብሔር ሰውን ሲሠራ

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 1፥26-27፤ ዘፍጥረት 16፥1-14፤ ማቴዎስ 22፥15-22፤ ያዕቆብ 3፥9-10



በቅርቡ የመንቀሳቀሻ ወረቀት አግኝቼ ለአንድ ጉዳይ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። መሃል ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ብዙ ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ወረቀቴን ሰጠሁ። ሰውዬው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየና "ይህ አንተ አይደለህም" አለኝ። ፎቶውን የተነሣሁት በ22 ዓመቴ ነው። ያኔ ጸጉሬ ሙሉ ነበር፣ ጉንጬም አልጎደለም። አሁን 35 ሞልቶኛል። "እኔው ነኝ ወንድሜ፣ 13 ዓመት አልፎብኝ ነው" አልኩት። በመጨረሻ ጣቴን አስነክቶ አሻራዬን ካየ በኋላ አሳለፈኝ።

ከዚያ ወጥቼ በእግሬ ስሄድ ያቺ ቃል ከልቤ አልወጣ አለች። ያ ፎቶ እኔ ካልሆንኩ፣ እኔ ታዲያ ማን ነኝ? መልኬስ የት ነው ያለው? በዚህ ሳምንት ይህን ጥያቄ ይዘን ከቃሉ ጋር እንመርምር። ሰው ከጥንት ጀምሮ ሰውን እንዴት ሲስለው እንደኖረ እናያለን። እግዚአብሔር ደግሞ ሰውን እንዴት እንደሠራው እናያለን።

1. በድንጋይ ላይና በእንጨት ላይ

ጥንት፣ ጽሕፈት ሳይኖር፣ ሰዎች በዋሻ ግድግዳ ላይ እጃቸውን ለጥፈው በዙሪያው ቀለም ይነፉ ነበር። እጃቸውን ሲያነሡ የመዳፋቸው ቅርጽ ይቀራል። እንዲህ ያለ የእጅ ምልክት በብዙ አገር ተገኝቷል። ስም የለውም፣ ፊት የለውም። ግን "እኔም እዚህ ነበርኩ" የሚል ይመስላል።

በአገራችንም በድሬዳዋ አካባቢ ለጋ ኦዳ በሚባለው ቦታ ድንጋይ ላይ የተሳሉ ከብቶችና ሰዎች አሉ። በፈረንሳይ አገር ላስኮ የሚባለው ዋሻ ውስጥ ያለው ደግሞ በጣም ያስገርማል። በሬውና ፈረሱ ሲሳሉ ግዙፍና ውብ ሆነው ነው። ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ሕፃን ልጅ በእንጨት መሬት ላይ እንደሚሞነጫጭረው ዓይነት ቀጭን መስመር ነው። ያ ሠዓሊ በሬ መሳል አቅቶት አይደለም። ሰውን መሳል ግን ከበደው።

ወደ ጉራጌና ሶዶ አገር ስንመጣ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በብዙዎቹ ላይ የተቀረጸው ፊት ሳይሆን ሰይፍ ነው። ኮንሶዎች ደግሞ ለሞተ ጀግና ዋጋ የሚባል የእንጨት ሐውልት ይቀርጹ ነበር። ከጀግናው ጎን ሚስቶቹ ይቆማሉ፤ የገደላቸው ጠላቶችም ይቆማሉ። እዚያ ያለፈ ሁሉ ሰውዬው ማንን እንደገደለ ያውቅ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ በአባቶቻችን ላይ ለመፍረድ አይደለም። የሞተባቸውን ሰው መርሳት አልፈለጉም፤ ያ መልካም ነው። ግን አንድ ነገር እናስተውል። ሰው ሰውን ሲስል ብዙ ጊዜ የሚስለው የሠራውን ወይም የያዘውን ነው። እግዚአብሔር ግን አዳም አንዲት ዛፍ እንኳ ሳይተክል፣ አንድ ነገር ሳይሠራ፣ ገና ከጅምሩ "በመልኬ" አለው።

2. ንጉሡ ትልቅ፣ ምርኮኛው ትንሽ

በግብፅ የፈርዖኖች ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ፈርዖን እንደ ተራራ ገዝፎ ይሳላል። ወታደሮቹ ከጉልበቱ አይደርሱም። ምርኮኞቹ ደግሞ ጸጉራቸውን በአንድ እጁ ጠቅልሎ የያዛቸው ትናንሽ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዘመን በግብፅና በባቢሎን አካባቢ የአምላክ መልክ የሚባለው ንጉሡ ነበር። ገበሬው አይደለም፣ ሴቲቱ አይደለችም፣ ስደተኛውማ ጭራሽ።

እንግዲህ ዘፍጥረት 1፥27ን አሁን እንደገና አንብቡት። የአምላክን መልክ ከንጉሡ እጅ ወስዶ ለማን ሰጠው? ለሰው። ወንድ ብቻ ነው? አይደለም፤ ወንድም ሴትም። እስራኤል የፈርዖንን ጡብ ሲያቦካ የኖረ ሕዝብ ነው። ትንሽ ተደርጎ ሲሳል የኖረ ሕዝብ ይህን ቃል ሲሰማ ምን ያህል ቀና እንዳለ አስቡት።

ሁለተኛ የገንዘቡን ነገር እንይ። በማቴዎስ 22 ላይ ጌታን ሊያጠምዱት መጡና የግብሩን ጉዳይ ጠየቁት። እሱም ዲናር አሳዩኝ አለ። በዲናሩ ላይ የቄሣር ምስል ነበረ። የእኛም የአክሱም ነገሥታት እንዲሁ ፊታቸውን በወርቅና በብር ያስቀርጹ ነበር። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስቲያን ሲሆን ከገንዘቡ ላይ የጨረቃውን ምልክት አውጥቶ መስቀል አስቀረጸ። ንጉሥ እንኳ ጌታ ሲያገኘው ምስሉ ላይ ያለው ምልክት ይቀየራል ማለት ነው።

ጌታ የመለሰላቸው መልስ አጭር ነው፤ የቄሣር ምስል ያለበት ለቄሣር ይሂድ፣ የእግዚአብሔር የሆነው ለእግዚአብሔር። ታዲያ የእግዚአብሔር ምስል ያለበት ምንድን ነው? ወርቅ አይደለም፣ ብር አይደለም። አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ። ያረጀ ገንዘብ ፊቱ ቢፋቅም የንጉሡ ገንዘብ መሆኑ አይቀርም። በኃጢአት ተፍቀናል፣ በስደት ተፍቀናል። የማን እንደሆንን ግን አልተለወጠም።

3. ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን

በአገራችን የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ጻድቃንና ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ወደ እኛ እያየ ይሳላሉ። ክፉዎቹ፣ ይሁዳም ሆነ ጌታን የሰቀሉት፣ በጎናቸው ይሳላሉ። የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ሠዓሊው ማን መልካም ማን ክፉ እንደሆነ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ በዚህ ያስተምር ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህን ሳላውቅ አንድ ዓይና ሰዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ያ የሥዕል ትምህርት ነው፤ ለዚያ ጊዜ ጠቅሟል። የሚያስፈራኝ ግን እኛ በልባችን የምንስለው ሥዕል ነው። በዚህ ካምፕ የምንኖረው ከብዙ ብሔርና ከብዙ አገር መጥተን ነው። አንዱ የሌላው ወገን ቤቱን አቃጥሎበት የመጣ አለ። አንዷ ባሏን የገደለው ሰው የሚናገረውን ቋንቋ ውኃ ቦኖ ላይ በሰማች ቁጥር የምትንቀጠቀጥ አለች። ቁስሉ እውነት ነው፤ እኔም ቁስል አለኝ። ግን ያንን ሕዝብ በሙሉ በአንድ ዓይን ስለን ግድግዳችን ላይ ሰቅለነው የለም ወይ? የኛን ወገን ደግሞ በሁለት ዓይን፣ ሁሉም ጻድቅ አድርገን?

ያዕቆብ 3፥9 ላይ ያለው ነገር ይህ ነው። በዚያው ምላስ እግዚአብሔርን እንባርካለን፣ በዚያው ምላስ በእግዚአብሔር መልክ የተሠራውን ሰው እንረግማለን። እሑድ ጠዋት ዘምረን ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን "እነዚያ እኮ ሰው አይደሉም" ካልን፣ የሰደብነው የሠራቸውን ነው። ዘፍጥረት 9፥6ም የሰውን ደም ማፍሰስ ለምን እንደተከለከለ ሲናገር ምክንያቱን ያው መልኩን ነው የሚያደርገው።

4. ካሜራው የሚያየውና የማያየው

ወደ ናይሮቢ ልመልሳችሁ። መሃል ከተማ ኪማቲ ጎዳና ላይ የዴዳን ኪማቲ ሐውልት ቆሟል። ከነሐስ የተሠራ ነው፤ ጠመንጃና ጩቤ ይዟል። እንግሊዞች ይህን ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲይዙት ቆስሎ፣ እጁ በካቴና ታስሮ፣ ተጋድሞ ፎቶ አነሱት። ያ ፎቶ "ሽፍታው ተያዘ" ለማለት የተነሣ ነው። በየካቲት 1957 ሰቀሉት። በ2007፣ ከ50 ዓመት በኋላ፣ አገሩ ሐውልት አቆመችለት። አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ምስል ግን አለው። ሥዕሉን የሚይዘው ሰው ሲለወጥ ሽፍታው ጀግና ሆነ።

በዚያው በቅኝ ግዛት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1920 አካባቢ ጀምሮ፣ የኬንያ ወንዶች ኪፓንዴ የሚባል ወረቀት በቆርቆሮ መያዣ ከተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። አሻራቸው እዚያ ላይ ነበር። ያለ እሱ ከቦታ ቦታ መሄድ አይችሉም። ይህን ሳስብ ኪሴ ውስጥ ያለችውን የመንቀሳቀሻ ወረቀት በእጄ ነካኋት።

አንድ ሌላ ምስል ደግሞ እኛን ይመለከታል። መሐመድ አሚን ናይሮቢ የተወለደ የኬንያ ካሜራ ሰው ነበር። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ወሎ ኮረም ሄዶ የተራበውን ወገናችንን ቀረጸ። ፊልሙ በቢቢሲ ወጣና በዓለም ሁሉ ታየ። ሰው አለቀሰ፣ እህል ተላከ፣ ብዙ ነፍስ ዳነ። እግዚአብሔር ያንን ካሜራ ተጠቀመበት ብዬ አምናለሁ። ይህ ሰው በኋላ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ አረፈ። ለእኛ ሲል ብዙ የከፈለ ሰው ነው።

ነገር ግን ያ ምስል በዓለም ዓይን ላይ ተለጥፎ ቀረ። ዛሬም "ኢትዮጵያዊ ነኝ" ስትል ረሀብ የሚያስታውስ አለ። ፊልሙ አልዋሸም፤ ረሀቡ እውነት ነበር። ሆኖም ያቺ ብርድ ልብስ የለበሰች እናት ዘፈን የምታውቅ፣ ተረት የምትተርት፣ ጎረቤት የምታስታርቅ ሰው ልትሆን ትችላለች። ካሜራው ይህን ሊያይ አልቻለም። የሰው ምስል እውነት እንኳ ሲሆን ሙሉ አይደለም።

5. የሚያየን አምላክ

ዘፍጥረት 16ን በጥንቃቄ አንብቡ። ሦራም አብራምም ስለ አጋር ሲነጋገሩ "ባሪያ" ነው የሚሏት። ስሟን አንድም ጊዜ አይጠሩም። ሸሽታ በረሃ ስትገባ ግን የጌታ መልአክ በምንጭ አጠገብ አገኛትና በስሟ "አጋር" ብሎ ጠራት። ከዚያም ከወዴት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ ጠየቃት። እኛም ይህን ጥያቄ በየቢሮው ስንት ጊዜ ተጠይቀናል! ነገር ግን እዚህ የጠየቃት የሚያውቃት ነው። አጋርም እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ ብላ ጠራችው። ስደተኛዋ ሴት ለአምላክ ስም አወጣች።

ይህ የሚያየን አምላክ በልጁ በኢየሱስ ወደ እኛ መጣ። ቆላስይስ 1፥15 ክርስቶስን የማይታየው አምላክ ምሳሌ ይለዋል። ንጉሥ ሆኖ ሳለ ራሱን እንደ ፈርዖን ትልቅ አድርጎ አላሳለም። ኢሳይያስ 53 ውበት እንዳልነበረው፣ ሰዎች ፊታቸውን እንዳዞሩበት ይናገራል። እሱም በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ የተሰደደ ነው። ፊታቸውን የሚያዞሩብንን ሰዎች እሱ ያውቃቸዋል፤ ያ ነገር ደርሶበታልና።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንግዳ ካሜራ ይዞ ሲመጣ ለምን እንደሚያነሣን መጠየቅ ነውር አይደለም። በትሕትና "እንቢ" ማለትም ይቻላል። በተለይ ልጆቻችንን ራቁታቸውን ወይም እያለቀሱ እንዲያነሷቸው አንፍቀድ። በሌላ በኩል ችግራችንን የሚናገርልንን ሰው አንጥላ።

ሁለተኛ፣ እኛም በምስል አንዋሽ። አንዳንድ ወንድም ናይሮቢ ሲሄድ በተውሶ ኮት ፎቅ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣና ለእናቱ ይልካል። እናት "ልጄ አልፎለታል" ትላለች፤ ታናሽ ወንድሙም ያንን አይቶ በዚያው መንገድ ይነሣል። በመንገድ የሚሆነውን እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ በአንድ ዓይን የሳልነውን አንድ ሰው በዚህ ሳምንት ሄደን በሁለት ዓይን እንየው። ሰላም እንበለው፣ ስሙን እንጠይቀው።

ለውይይት ጥያቄዎች

ሀ. ሰዎች አንተን ወይም አንቺን በምን "ይስላሉ"? በብሔር? በወረቀት? በችግር?
ለ. በልብህ በአንድ ዓይን የሳልከው ማንን ነው? መቼ ጀመረ?
ሐ. አጋር እንደታየች ማወቋ ምን ለወጠ? እዚያው በረሃ እያለች ምን ኃይል ሰጣት?

ያን ቀን በናይሮቢ ቢሮ ፊቴ አላዳነኝም፤ ጣቴ ነው ያሳለፈኝ። ወረቀት ላይ ያለው አሻራ ግን ወረቀቱ ሲያልቅ ያልቃል። ኢሳይያስ 49፥16 እግዚአብሔር ሕዝቡን በመዳፉ ላይ እንደቀረጸ ይናገራል። ይህ አይታደስም፣ ጊዜው አያልፍም፣ "ይህ አንተ አይደለህም" የሚልም የለበትም።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ በመልክህ ስለ ሠራኸን እናመሰግንሃለን። የተፋቀውን በልጅህ ደም አድስልን። የጎዱንን ሰዎች ሙሉ ፊት እንድናይ ዓይን ስጠን። በየቢሮው በር የሚጠብቁትን ወንድሞችና እህቶች አንተ እያቸው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።